የኡማይማ ቅድመ ሁኔታ

ሐጂ ሳሕቢን ያገኘኋቸው ግመሏ ላይ ሲጮሁ ነው። ግመሏ ምንም አላደረገችም። እንደ ሁልጊዜዋ ዓይኗን ተሸፍና፣ የባሩታ ጉድጓድ ፎቅ ላይ ያንን ትልቅ የእንጨት መዘውር እየጎተተች ትዞራለች። ውሃው በማሰሮዎቹ እየተቀዳ ይወጣል፣ ሰው ይጠጣል፣ ሕፃናት ይስቃሉ። ሐጂ ግን ኩባያቸውን እንደያዙ፣ "ዙሪ! አንቺም ዙሪ! ዘንድሮ እንደሁ ያልዞረበት ሰው የለም!" ይሏታል።

ሳብሪ እባላለሁ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። የሐጂ የወንድም ልጅ ገሳን አብሮ አደጌ ነው። አባቱ ሲሞቱ ሐጂ ናቸው ወስደው ያሳደጉት። ሐሙስ ደግሞ ኒካሁ ነው፤ ከተማችን ቀይረዋን ውስጥ ያላወቀ የለም። እና ሐጂን እንዲያ ሆነው ሳያቸው ፈጠን ብዬ ተጠጋኋቸው።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! ምነው በደህና?"

"ምን ደህና አለ ልጄ። ኒካሁ ፈርሷል።"

"እንዴ! ሐሙስ አይደል እንዴ?"

"ሐሙስማ ይመጣል። የማልመጣው እኔ ነኝ።"

ኩባያውን ጨለጡና ጢማቸውን ጠረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽሪት ኡማይማ በአባቷ በኩል መልእክት ልካለች፦ "ውሉ ላይ የሚጻፍ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ምን እንደሆነ ሁለቱ ቤተሰብ ሲቀመጥ እናገራለሁ። እሱ ካልተጻፈ አልፈርምም።"

"ምን ይሆን ግን ቅድመ ሁኔታው?" አልኳቸው።

"መስማትም አልፈልግም! ምን ሊሆን ነው? ከፓሪስ የተቀዳ ነገር ነዋ። ሊ-በ-ራል ነገር!" ይቺን ቃል ሲጠሯት ሎሚ የነከሱ ነው የሚመስሉት።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቀይረዋን ሴት ኒካህ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስጻፍ የጀመረችው ዛሬ አይደለም እኮ። የእኔ አያት እንኳ 'በላዬ ላይ ሌላ ቢያገባ ፍቺው በእጄ ነው' አስብላ ነው የገባችው። የእርስዎም እናት እንደዚያው መሰለኝ።"

"እሱማ ልማድ ነው!" አሉ ሐጂ። "ይሄ ደግሞ ነፃነት ነው። ልማድና ነፃነትን ምን አገናኛቸው?"

ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸው ቀጠሉ። "ያ አብሮ አደግህ ገሳን ደግሞ ይባስ ብሎ፣ 'አጎቴ ደስ ይበልዎት፣ ነፃነት ከአውሮፓ እየመጣልን ነው' አለኝ። ደስ ይበልዎት! አስበኸዋል? በል ና፣ ምሳ እኛ ቤት ነው የምትበላው።"

"ኧረ ሐጂ፣ አክስት መንጂያ ሳትሰማ…"

"ምን የምትሰማው አለ? ኩስኩስ እንደሆነ አለ።"

እጄን ይዘው ወረዱ። ሐጂ ሰው ካልያዙ ምሳ አይበሉም። ቤታቸው ሳይጋበዝ የቀረ የቀይረዋን ሰው ካለ፣ ወይ ታሞ ነው ወይ ሮጦ አምልጦ ነው።

በሩን የከፈተችው አክስት መንጂያ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን።

"አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ሳትናገር እንግዳ?"

"ሳብሪ እኮ ነው። ምን እንግዳ ነው?"

"ሳብሪማ ልጄ ነው። ዓሣዋ ግን ይሄን አታውቅም፤ ስትጠበስ ለሁለት ሰው ብላ ነው የተጠበሰችው!"

አክስት መንጂያ የማህዲያ ልጅ ናት፣ የባህር ዳር ሰው። ቀይረዋን ደረቅ ምድር ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራ፣ ከስንዴ በምትሠራው ኩስኩሷ ላይ እስከ ዛሬ ዓሣ ካልሆነ ሥጋ በደስታ አታደርግም። እያጉረመረመች ገብታ ዓሣዋን ለሦስት ቆረጠችው። ገና ቁጭ ከማለታችን ገሳን መጣ። ዓሣው ለአራት ተቆረጠ።

ገሳንን ልንገራችሁ። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ቱኒስ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ጨርሶ አሁን ጀርመን አገር ለዶክትሬት ተቀብለውታል። ከሠርጉ በኋላ ይሄዳል። ኡማይማንም ይዞ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማለቴ የምናውቅ መስሎን ነበር። የሚያጠናው ደግሞ የአውሮፓ የታሪክ ፈላስፎች ስለ እስልምናና ስለ ነፃነት ያሰቡትን ነው። ልጁ ጎበዝ ነው። ችግሩ አንድ ነገር ካነበበ እራት ላይም ያነበዋል።

"አጎቴ፣" አለ ቁጭ እንዳለ፣ "ልከራከርዎት አይደለም። ላስረዳዎት ነው።"

"ሰው 'ላስረዳህ' ሲለኝ ኪሴን ነው የምይዘው፣" አሉ ሐጂ።

"ይስሙኝማ። የማጠናቸው ጀርመኖች፣ በተለይ አንዱ ፈላስፋቸው፣ ከሁለት መቶ ዓመት ግድም በፊት አንድ ነገር አሰቡ። ታሪክ ዝም ብሎ የነገሥታት ስም አይደለም፣ መንገድ አለው፣ መድረሻም አለው አሉ። መድረሻው ነፃነት ነው። እንደ ፀሐይ ነው፤ በምሥራቅ ይወጣና ወደ ምዕራብ ይሄዳል። መጀመሪያ በምሥራቅ ነፃ የነበረው ንጉሡ ብቻ ነው። ከዚያ በግሪክና በሮም ጥቂት ሰዎች። መጨረሻ ላይ አውሮፓ፣ ሰው ሁሉ ነፃ ሆነ።"

"እኛስ? እስልምና የት ሄደ በዚህ መንገድ ላይ?"

"አለ፣ አለ። እንደ እሳት ነደደ ይላሉ፣ ዓለምን አዳረሰ፣ ዕውቀቱን ለአውሮፓ አቀበለ። ከዚያ… ከመድረኩ ወረደ። ዕረፍት ላይ ነው ይላሉ።"

"ማነው ዕረፍት ላይ ያለው?" ሐጂ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "እኔ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ምንጣፍ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው!"

"ከቀትር በኋላ ግን ምንጣፍ ክምሩ ላይ ትተኛለህ፣" አለች አክስት መንጂያ ከጓዳ። "ጀርመኑ በዚያ ሲያልፍ አይቶህ ይሆናል።"

እኔ ውሃዬ ትን አለኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

"ስለዚህ ነፃነት የእነሱ ነው እያልከኝ ነው?"

"የእነሱ ነው አጎቴ። ግን ቢዘገይም እኛም ጋ ይደርሳል። የኡማይማ ቅድመ ሁኔታ ማለት እሱ ነው፤ የግለሰብ መብት፣ ሊበራሊዝም። መቀበል ብቻ ነው ያለብን።"

"የእነሱ ከሆነ ይውሰዱታ! የሰው ዕቃ አልፈልግም!"

"እኔ ግን እፈልጋለሁ። ኡማይማ ያለችውን ሁሉ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሳላነብ ነው የምፈርመው። ዘመናዊ ሰው ማለት እንዲህ ነው።"

"ሳታነብ?" ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማኸው? ምንጣፉን ገልብጦ ቋጠሮውን ሳያይ ሊገዛ ነው። ይሄን ልጅ ሱቄ ውስጥ አንድ ቀን ብተወው ባዶ ግድግዳ ነው የሚቀረኝ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ገሳን፣ ያ ነገር የሚጻፍ ከሆነ እኔ ሐሙስ አልቀመጥም። ወላሂ አልቀመጥም።"

ይሄ ቀልድ አልነበረም። ሐጂ ካልተቀመጡ የኡማይማ አባት ልጃቸውን አይሰጡም፤ አባትም አጎትም ከኋላው ለሌለው ሰው ማን ልጁን ይድራል? ኡማይማም ካልተጻፈላት አትፈርምም። ገሳን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ሐጂ፣ ገሳንና ኡማይማ በየፊናቸው ቆመው፣ መሀል ላይ ሠርጉ ሲሞት ይታየኝ ነበር።

አክስት መንጂያ እጇን እየጠረገች ወጣች። ስልኳን አነሳች።

"ኡማይማ ልጄ? ክፍል ጨርሰሻል? ነይ ምሳ ብዪ… የለም የለም፣ ማንም አልሞተም። ገና ነው። ነይ።"

ከዚያ ገብታ ዓሣውን ለአምስት ቆረጠችው።

ኡማይማ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተማሪ ናት። እጅጌዋ በጠመኔ አቧራ ነጥቶ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ገባች። የሐጂን ጭንቅላት ሳመች፣ አክስት መንጂያን አቀፈች፣ እኔን "ሳብሪ፣ አንተ ደግሞ ምሳ ያለበት ቤት አታጣም" አለችኝና ቁጭ አለች።

"ሐጂ ተቆጥተዋል አሉ።"

"አልተቆጣሁም፣" አሉ ሐጂ ጣራውን እያዩ።

ገሳን ነገሩን ሁሉ ከፀሐይዋ ጀምሮ ነገራት። እሷ ኩስኩሷን እየበላች ሰማችው። ሲጨርስ ሳቀች። ግን እንደምታሾፍ አይደለም፣ እንደ ደስ ያለው ሰው ነው የሳቀችው።

"ታዲያ ምን ያጣላችኋል? የአንድ አስተማሪ ተማሪዎች ናችሁ እኮ!"

"ማነው?" አሉ ሐጂ።

"እርስዎና ገሳን። ሁለታችሁንም ያስተማራችሁ ያ ጀርመን ነው። እሱ 'ነፃነት የአውሮፓ ነው' አለ። ገሳን 'አዎ የእነሱ ነው፣ እንቀበል' አለ። እርስዎ 'አዎ የእነሱ ነው፣ አንቀበል' አሉ። 'አዎ'ዋ ላይ ተስማምታችኋል።"

"እኔ የጀርመን ተማሪ?" ሐጂ ደረታቸውን ያዙ። "ሐጅ ያደረግኩ ሰውዬ?"

"ሐጂ፣ ባለፈው አንድ ፈረንጅ ሱቅዎ ገብቶ፣ 'ይህ ንድፍ የፋርስ ነው' ያለዎት ጊዜ ምን አደረጉ?"

"ምን አደረጉ ትያለሽ!" ትዝ ሲላቸው እንደገና ጋሉ። "ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ! የቀይረዋን ሴቶች ክር በክር የቋጠሩትን፣ እናቴ የቋጠረችውን፣ ፋርስ ይለኛል? ምንጣፉን ገልብጬ አሳየሁት!"

"'የፋርስ ከሆነ ይውሰዱት' ብለው ጠቅልለው አልሰጡትም?"

"አብጃለሁ እንዴ!"

"ታዲያ ይሄንንስ ለምን ይሰጣሉ?"

እኛ አገር በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ኡማይማ ሳትለቃቸው ቀጠለች። "እነዚያ ሰዎች 'ተኝተዋል፣ ከመድረክ ወርደዋል' የሚሉት ዘመን ውስጥ፣ እዚችው ከተማ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ 'ይሄንን ካልጻፍክ አላገባህም' ትል ነበር። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎም፣ ኋላ ኸሊፋ የሆነውን ሰው ሳይቀር አንዷ እንዲህ አስገድዳዋለች ይባላል። ለራሷ ቃል ታስጽፍ ነበር፣ ቃሉም ያስራል። እርስዎ ልማድ ይሉታል። እኔ ደግሞ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ የእኛ እጅ የቋጠረው ነው እላለሁ።"

"ሙስሊም በቃሉ ነው የሚታሰረው፣" አሉ ሐጂ ለራሳቸው ያህል። "ይሄስ እውነት ነው።"

"አዩ አጎቴ!" አለ ገሳን፣ ያሸነፈ መስሎት።

"አንተ ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል፣" አለችው።

ሐጂ ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ። "በይ እሺ። መስማት አይከለከልም። ቅድመ ሁኔታሽ ምንድን ነው?"

ኡማይማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "'ባሌ ያለ ፈቃዴ ከቀይረዋን አውጥቶ ሌላ አገር አይወስደኝም።' ይሄው ነው።"

አሁን እዚህ ላይ ፊታቸውን ብታዩ! የሁለቱም ፊት በአንዴ ቦታ ተለዋወጠ። የገሳን ሳቅ ሐጂ ጋ ሄደ፣ የሐጂ ኩርፊያ ገሳን ጋ መጣ።

"አላሁ አክበር!" ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ይጻፍ! በወርቅ ቀለም ይጻፍ! ጸሐፊውን አሁኑኑ ጥሩልኝ! ድሮም እኮ ቅድመ ሁኔታ የሚባል ነገር ደስ ይለኛል። መንጂያ፣ ሰምተሻል? ልጆቹ ሊቀሩልን ነው!"

"ግን… ጀርመን እኮ…" አለ ገሳን። "ኡማይማ፣ እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ሴት ልጅ ከከተማዋ አትወጣም የሚል ውል? ይሄ እኮ የመካከለኛው ዘመን ነገር ነው! ኋላ ቀርነት ነው!"

"ሳታነብ ልትፈርም አልነበር?" አልኩት።

"አንተ ዝም በል!"

"ሁለታችሁም ቁጭ በሉ፣" አለች ኡማይማ። እንደ ተማሪ ነው ቁጭ ያሉት። "ሐጂ፣ ደስታዎ ቸኮለ። 'ያለ ፈቃዴ' ነው ያልኩት። ከፈቀድኩ እሄዳለሁ። ነገ ተነሥቼ 'እሺ' ብል፣ ጀርመን ነኝ።"

ሐጂ ቀስ ብለው ጠየቁ። "ታዲያ እኔ ምን አገኘሁ?"

"እርስዎ ምንም። እኔ ግን መጠየቅን አገኘሁ።" ሳቀችና እጃቸውን ያዘች። "ሐጂ፣ እርስዎ የወደዱት ቀይረዋንን ነው፣ መብቱን አይደለም። ወደ ጀርመን ልሂድ ብዬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ከበር አስወጥተውኝ ነበር።"

ከዚያ ወደ ገሳን ዞረች። "አንተስ? አልሄድም ካልኩ ኋላ ቀር፣ እሄዳለሁ ካልኩ ነፃ? አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ጥያቄ ነው? የአንተ ነፃነት ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ብቻ ነው የሚሄደው፣ መውረጃ የለውም። ይሄ ነፃነት አይደለም ገሳን፣ አውቶቡስ ነው።"

አክስት መንጂያ ጓዳ ውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። ገሳን ቀላ። ግን ልጁ ክርክር ላይ እልኸኛ ነው።

"እሺ፣ አውቶቡስ ይሁን። ግን እውነቱን እንነጋገር። እኛ ጋ ሱልጣኑን ማን ይጠይቀው ነበር? ባሪያ ገበያ አልነበረንም? የምትያትን ውልስ ያገኘችው ጠንካራ አባት ያላት አይደለችም? ቤት የምታጸዳው አገልጋይ ምን አስጻፈች?"

"ልክ ነህ፣" አለች ኡማይማ ወዲያው። ገሳን ይሄን አልጠበቀም። "ምንም አላስጻፈችም። ይሄን ለተማሪዎቼም አልደብቅም። ለዚህ እኮ ነው 'ድሮ ነበረን' ብለን ምንጣፉ ላይ መተኛት የማንችለው፣ ይቅርታ ሐጂ። ድምፅ መስጠትን፣ ሹሙን ቆሞ መጠየቅን ከአውሮፓ ብንማር ነውር የለውም። ግን ያው አውሮፓም ስለ ሰው ሁሉ ነፃነት ሲያስተምር መርከቦቹ አልጀርስ አጠገብ ወታደር እያራገፉ ነበር። 'ነፃነት ለሰው ሁሉ፣ ለአልጄሪያ ግን ገና' ያሉ ሊበራሎችም ነበሩ። ስለዚህ እንማር፣ ግን እንደ ተማሪ እንማር፤ እንደ ለማኝ አይደለም። ተማሪ አስተማሪው ሲሳሳት እጁን ያወጣል።"

"እና ፀሐይዋስ?" አለ ገሳን። ድምፁ ለስልሶ ነበር።

"ፀሐይ ማንም ሳይነካት ትወጣለች፣ ትሄዳለች። ነፃነት እንደዚያ ቢሆን እንዴት ደስ ባለ። ለእኔ የባሩታ ውሃ ነው የሚመስለኝ። በየቀኑ የሚገፋ ከሌለ አይወጣም። ቀይረዋንም ይሁን በርሊን፣ ግመሏ የቆመች ቀን ማሰሮው ደረቅ ነው።"

ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ልባቸው ግን ገና እንዳልተረታ ገብቶኛል። ውስጣቸው የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከፈቀደችና ከሄደችስ? ያሳደጉት ልጅ ሄዶ፣ እሷም ሄዳ፣ ያ ሁሉ ምሳ ከማን ጋር ሊበላ ነው? በመጨረሻ ተናገሩት። "ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሴት ልጅ ባሏ የሄደበት ትሄዳለች። ለምን ይጠየቃል? መንጂያ አልተጠየቀችም፣ ይኸው ምን ጎደለባት?"

አክስት መንጂያ ከጓዳ ወጣች። ሳቋ ፊቷ ላይ የለም።

"እኔን ምን ጎደለባት አልክ?"

"ማለቴ…"

"ሳሕቢ፣ እኔ ማህዲያ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ መጀመሪያ የምሰማው ባህሩን ነበር። መስኮቱን ሳልከፍት ዛሬ ነፋስ ነው፣ ዛሬ ፀጥታ ነው እል ነበር። አንተ መጥተህ ከአባቴ ጋር ተነጋገርክ፣ ዕቃዬ ተጫነ፣ እዚህ መጣሁ። እዚህ ስነሣ የምሰማው ምንድን ነው? ሞተር ሳይክል! ጆሮዬ እስኪለምድ ዓመት አለቀስኩ። አንተ እናቷ ናፍቃት ነው ትል ነበር።"

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ የታየው ያ ሲከራከር የነበረው ሽማግሌ ሳይሆን ድንገት ልጅ የሆነ ሰው ነበር።

"ብጠይቅሽ… እንቢ ትዪኝ ነበር?"

"እመጣ ነበር እንጂ!" አለች አክስት መንጂያ። እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት። "አንተ ሞኝ! ያኔ ምን የመሰለ ጢም ነበረህ! በእግሬም እመጣ ነበር። ግን 'መጣሁ' እል ነበራ። እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ 'አመጡኝ' ነው የምለው።"

ሐጂ ተነሡ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ውጭ ያለውን ባዶ ግድግዳ አዩ፣ ተመለሱ። ከዚያ ኡማይማ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ሐሙስ እመጣለሁ። ትሂጂም ትቅሪም፣ ቃልሽ ይጻፋል። እኔ የጀርመኑን ትምህርት ዛሬ አቋርጫለሁ።"

ሐሙስ ምን ልንገራችሁ! የኡማይማ አባት ቤት ከግቢው እስከ መንገዱ ሰው ነው። መቅሩድ የሚባለው ጣፋጫችን በትሪ በትሪ፣ ተምሩ ውስጡ ገና ትኩስ፣ ማሩ በጣት መሀል ይንጠባጠባል። ውሉን የሚጽፉት ሁለቱ ጸሐፊዎች ተቀመጡ። ውሉ ሲቀርብ ገሳን እስክሪብቶውን አላነሳም። መነጽሩን አስተካክሎ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ አነበበ። ሐጂ "ማሻአላህ! ምንጣፉን ገለበጠው!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ፈረመ። ከዚያ ያላሰብነውን አደረገ። ሰው ሁሉ ፊት ዞረና፣ "ኡማይማ፣ ጀርመን አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አላት።

እሷም አልተሽኮረመመችም። "ተማሪዎቼ የመጨረሻ ፈተናቸው ደርሷል፣" አለች። "እነሱን ሳላስፈትን አልሄድም። ፈተናው ሲያልቅ ደግመህ ጠይቀኝ።"

"እሺ፣" አለ ገሳን። አንድ ቃል ብቻ፤ ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንዲህ አጭር መናገር ሲችል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። መጀመሪያ የጀመረችው አክስት መንጂያ ናት፣ ድምፅዋን ማንም አያጣውም።

ጀርመኖቹ ትምህርቱን እንዲያዘገይ ፈቀዱለት፤ ሲጠየቁ እነሱም እሺ ይላሉ ለካ። ፈተናው አለቀ፣ ጠየቃት፣ እሄዳለሁ አለች፣ ሄዱ። እሱ የሚጽፈው ጽሑፍ ግማሹ ተቀይሯል። አሁን የሚጠይቀው እኛ መቼ ከመድረክ እንደወረድን ሳይሆን መድረኩን ማን እንደሠራውና በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚያስገባ ነው። እሷ ደግሞ እዚያው ቋንቋቸውን እየተማረች ነው፣ እጇን ማውጣት እንዲመቻት። ልትመለስም ላትመለስም ትችላለች። ውሉ ላይ ያለው ቃል ግን አብሯት ሄዷል።

እዚህ ሰፈራችንም ነገር ተቀይሯል። ድሮ ሰው ሊጋባ ሲል የሚያወራው ስለ አልጋና ስለ ፍሪጅ ነበር። አሁን የት እንኖራለን፣ ማን ይሠራል፣ ማን ይማራል እየተባባሉ ሲነጋገሩ እሰማለሁ፤ ከጋብቻ በኋላ ሊመጣ የነበረው ጠብ ከጋብቻ በፊት በሳቅ ያልቃል። ሐጂ ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው አስታራቂ ሆነዋል። ወጣት ወንድ ሱቃቸው ከገባ፣ "ጠይቀሃታል?" ነው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው። አንዱ "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው ሐጂ" ቢላቸው፣ እንዴት እንደጮሁበት ጎረቤት ይመስክር። ምንጣፍ ሁሉ ገልብጠው አሳዩት።

ባለፈው እንደገና ባሩታ ላይ አገኘኋቸው። ኩባያቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ግመሏ ትዞራለች፣ ዛሬ ግን "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ" ነው የሚሏት። እኔን ሲያዩ ክንዴን ያዙ።

"ሳብሪ! በል ና፣ ምሳ እኛ ቤት ነው የምት…"

ቆሙ። ክንዴን ለቀቁ። ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ስልካቸውን አወጡ።

"መንጂያ? ሳብሪን አገኘሁት። ለምሳ ላምጣው ወይ?… እ?… እሺ… እሺ… እሺ አልኩ እኮ!"

ስልኩን ዘጉ። ፊታቸው እንደ ኢድ ጠዋት በርቷል።

"ምን አለች?"

"'አይሆንም' አለች።" በኩራት ነው የሚነግሩኝ። "እህቷ ከማህዲያ መጥታ ሊያወሩ ነው፣ 'ውጭ ብላ' አለችኝ። አይ ሳብሪ፣ ሴትዮዋ 'አይሆንም' ስትል ምን የመሰለ ድምፅ እንዳላት ታውቃለህ? ይሄን ሁሉ ዘመን ሳልሰማው!"

መንገድ ዳር ሄደን፣ ጥግ ላይ ቆመን ትኩስ የሽምብራ ሾርባ በላን። ዳቦውን እየቆራረሱ ጎድጓዳ ሳህኔ ውስጥ ጨመሩልኝ፣ አፋቸው ሞልቶ ደግሞ በጣታቸው ጠቆሙኝ።

"ነገ ግን ተጠርተሃል። ዓሣ ልትገዛ ነው። የጠራችህ እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም፤ ሸሚዝ ቀይረህ ና!"